የጎንደርን ሰፈር ወደ ሲቲስ ስካይላይንስ ማስገባት፦ ከሜትር እስከ ሞዴል

«ፒያሳን ልሠራ ሞክሬ ነበር። ሲያልቅ ግን ጎንደርን አልመስል አለኝ። ምን አጎደልኩ?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። የሚላኩልኝን ሥዕሎች እከፍታለሁ። ድንጋዩ በጥንቃቄ ተሥሏል፣ የመስኮቱ ፍርግርግ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ተሠርቷል። ነገር ግን በእውኑ 2.80 ሜትር የሆነው ግድግዳ 4 ሜትር ሆኗል፤ ጣሪያው እንደ ድንኳን ሾሏል፤ ትከሻ ለትከሻ የተጠጉት ቤቶች ተራርቀው ቆመዋል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሳትለኩ ሠርታችኋል። የሰፈሩ ልጅ ሰፈሩን የሚለየው በጣሪያው ከፍታ፣ ከበሩ ደፍ እስከ መንገዱ ባለው ርቀትና ቤቶቹ በሚገጣጠሙበት መንገድ ነው። የመስኮቱ ፍርግርግ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 ለወጣው የመጀመሪያው ሲቲስ ስካይላይንስ ነው፤ ይህ ከተማ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ጨዋታ ሌላ አሠራር አለው። የመለካቱና የፎቶው ክፍል ግን ለየትኛውም የከተማ ግንባታ ጨዋታ ያገለግላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጨዋታው ያለበት ኮምፒውተር። ብዙ ሕንፃ መጨመር ካሰባችሁ 16 ጊጋባይት ራም ይኑረው፤ ጨዋታው የምትጨምሩትን ሁሉ ማስታወሻው ላይ ይጭነዋል።
- ብሌንደር ለሞዴል (ለሕንፃው ቅርጽ)፣ ጊምፕ ለሥዕል (ቅርጹን ለሚያለብሰው ምስል)። ሁለቱም ነፃ ናቸው።
- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ።
- የ5 ሜትር መለኪያ ሜትር።
- ልክ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት፣ በየ10 ሳንቲሜትሩ ነጭና ቀይ የተቀባ። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፤ በሥራው ግን እሱን የሚያህል የለም።
- ደብተርና እርሳስ።
- ጉግል ኧርዝ፣ ከላይ ሆኖ ስፋት ለመለካት።
- የመብራት መቆራረጥን የሚችል ላፕቶፕ ወይም ባትሪ። እኔ የሦስት ቀን ሥራ መብራት ሲጠፋ በአንዴ ጠፍቶብኛል። ብሌንደር በየሁለት ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉት፤ እናንተም በየጊዜው በአዲስ ስም አስቀምጡ።

1. አንድ የመንገድ ጎን ምረጡ

ከተማውን በሙሉ፣ ወይም ፋሲል ግቢን አትጀምሩ። የግቢው ዙሪያ አጥር ብቻ ወደ 900 ሜትር ነው። በጨዋታው ትልቁ ተራ የሕንፃ ቦታ 32 ሜትር ስለሚሰፋ፣ አጥሩ ብቻውን ከ28 እንዲህ ያሉ ቦታዎች ጎን ለጎን ይበልጣል። ብዙዎች እዚያ ጀምረው እዚያው ተስፋ ቆርጠዋል።

በምትኩ ከአምስት እስከ ሰባት ሕንፃ ያለበት አንድ ተከታታይ ጎን ውሰዱ። በፒያሳ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ጥጋቸው የተጠማዘዘ ሕንፃዎች የተወሰኑት፣ በቅዳሜ ገበያ አንድ ድርድር ሱቅ፣ ወይም በአዘዞ መንገድ ዳር ያሉ የብሎኬት ቤቶች ለመጀመሪያ ሥራ በቂ ናቸው። ተከታታይ ጎን የሚመረጠው አንድ ሕንፃ ብቻውን ሰፈር ስለማይሆን ነው። ሰፈሩን የሚፈጥረው ከፍ ያለው ፎቅ ዝቅ ካለው የቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ መቆሙ ነው።

2. ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ ፎቶ አንሡ

ማስጠንቀቂያ፦ የወታደርና የፖሊስ ቦታዎችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና ባንኮችን ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሡ። በሱቅና በመኖሪያ ቤትም ቢሆን ባለቤቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። «አባባ፣ የቤቱን ፊት ለኮምፒውተር ጨዋታ ልሠራው ነው፤ ልለካው ይፈቅዱልኛል?» ብላችሁ በላፕቶፕ ያለቀ ሥራ ካሳያችሁ፣ አብዛኛው ሰው ይፈቅዳል። አንዳንዱ እንዲያውም የሜትሩን ጫፍ ይይዝላችኋል።

ፊቱ ወደ ምሥራቅ የዞረ ቤት ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የዞረው ጠዋት ይነሣ። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ከቤቱ ጀርባ ስለምትሆን ፊቱ በጥላ ውስጥ ይቆያል። ይህ ያስፈለገው የጨዋታው ፀሐይ ስለምትንቀሳቀስ ነው፤ በፎቶው ላይ የቀረ ጠንካራ ጥላ ከጨዋታው ጥላ ጋር ይጋጭና ሕንፃው የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። ደመናማ ቀን ከሁሉም ይሻላል። ዝናብ ያረጠበው ግድግዳ ግን ስለሚጠቁርና ስለሚያብረቀርቅ፣ በክረምት ከዘነበ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ለእያንዳንዱ ሕንፃ የሚከተሉትን አንሡ፦ ፊቱን በቀጥታ፣ ሁለቱን ጥጎች፣ ጣሪያውን ከፍ ካለ ቦታ፣ ከዚያም ድንጋዩን፣ ልስኑን፣ የላሜራ በሩንና ቆርቆሮውን በቅርበት። ለፊቱ ፎቶ የቻላችሁትን ያህል ወደ ኋላ ራቁ። በጠባብ መንገድ በሰፊ ማዕዘን ካነሣችሁት ግድግዳው ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል፤ እሱን ማቃናት ረጅም ሥራ ነው።

3. ለኩ

ሥራው በሙሉ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

የምትደርሱበትን ሁሉ በሜትር ለኩ፦ የበሩን ቁመትና ስፋት፣ የመስኮቱን ደፍ ከመሬት፣ የደረጃውን ከፍታ፣ ከግድግዳው እስከ መንገዱ ጠርዝ ያለውን ርቀት። የማትደርሱበትን ደግሞ በሦስት መንገድ ታገኙታላችሁ።

የብሎኬት ቤት ከሆነ ረድፍ ቁጠሩ። የተለመደው ብሎኬት 40 ሳንቲሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲሜትር ቁመት አለው፤ በመካከሉ ያለው የሲሚንቶ ውፍረት ግን ከግንበኛ ግንበኛ ይለያያል። ስለዚህ በእጃችሁ የምትደርሱባቸውን አምስት ረድፎች ከነሲሚንቷቸው ለክታችሁ ለአምስት አካፍሉ። አምስቱ 1.06 ሜትር ከሆኑ አንዱ ረድፍ 21.2 ሳንቲሜትር ነው። ግድግዳው 13 ረድፍ ካለው ወደ 2.76 ሜትር ይሆናል። ጣሪያ ላይ ሳትወጡ ቁመቱን አገኛችሁ ማለት ነው።

በድንጋይ ወይም በልስን የተሠራ ቤት ሲሆን የሚቆጠር ረድፍ የለም። የ1 ሜትሩን እንጨት ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ከሩቅ ፎቶ አንሡ። በኮምፒውተር ስትከፍቱት እንጨቱ 180 ፒክስል፣ ሕንፃው 1,350 ፒክስል ከሆነ፣ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍሉ 7.5 ሜትር ይወጣል። እንጨቱ ግድግዳውን ካልነካ ስሌቱ ይበላሻል፤ ወደ እናንተ የቀረበ እንጨት ትልቅ ስለሚታይ ሕንፃውን ያሳጥረዋል።

ስፋትና ጥልቀት ደግሞ በጉግል ኧርዝ መለኪያ ይታያል። ከላይ የምታዩት ጣሪያውን ስለሆነ፣ ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለውን የጣሪያ ጠርዝ ቀንሱ። የፊቱን ስፋት በሜትር አረጋግጡ።

የጣሪያውን ተዳፋት የሕንፃው ጎን ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከሚታይበት በኩል ለኩ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ከእውነቱ አብልጦ ያሾለዋል። እኔም ለብዙ ጊዜ ሳሾል ቆይቻለሁ፤ በፎቶ ላይ መስመር አስምሬ እስካየሁት ድረስ ምን ያህል ዝርግ እንደሆነ አላስተዋልኩም ነበር።

4. ልኩን ከጨዋታው መረብ ጋር አስታርቁ

ጨዋታው መሬቱን 8 ሜትር በ8 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፍላል። በራሱ የሚያድግ ሕንፃ፣ ማለትም ጨዋታው ራሱ መርጦ የሚያቆመው፣ ከ1 በ1 እስከ 4 በ4 ካሬ ይይዛል። የጎንደር ቤቶች ግን ለ8 ሜትር ብለው አልተሠሩም፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

የፊቱ ስፋት 11.4 ሜትር የሆነ ሕንፃ አላችሁ እንበል። ሁለት ካሬ፣ ማለትም 16 ሜትር፣ ሲሰጠው 4.6 ሜትር ክፍት ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ቤቱን ይለጥጠዋል። አትለጥጡት። በሩ ይሰፋል፣ መስኮቱ ይደፈጠጣል፣ የለካችሁትም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይልቁንም ጎረቤቱን ተመልከቱ። ጎረቤቱ 12.1 ሜትር ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ 23.5 ሜትር ናቸው፤ ሦስት ካሬ 24 ሜትር ነው። ሁለቱን አንድ ሞዴል አድርጋችሁ ሥሯቸው፤ የቀረው ግማሽ ሜትር የጎን ክፍተት ይሆናል። በፒያሳ ትከሻ ለትከሻ የቆሙት ሕንፃዎች ሳይላቀቁ የሚገቡት በዚህ ዘዴ ነው። ተስማሚ ጎረቤት ከሌለ ክፍተቱን የግቢ በርና አጥር ስጡት።

ደብተራችሁ ላይ መላውን የመንገድ ጎን በአንድ መስመር ሥላችሁ በየ8 ሜትሩ ምልክት አድርጉ። ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር ሞዴል ሳትጀምሩ ይታያችኋል።

5. ሞዴሉን ሥሩ

ብሌንደርን በሜትር አስተካክሉና ከባዶ ሣጥን ጀምሩ፦ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ሌላ ምንም። ሁሉንም ሕንፃዎች በዚህ ደረጃ ጎን ለጎን አቁሟቸውና በሰው ዐይን ከፍታ ተመልከቷቸው። ሰፈሩ በባዶ ሣጥን ካልታወቀ፣ በኋላ በሥዕል አይድንም።

ከዚያ ጥላ የሚጥለውን ብቻ ጨምሩ፦ በረንዳ፣ የጣሪያ ጠርዝ፣ ደረጃ፣ ወደ ውስጥ የገባ በር። የቆርቆሮውን ሞገድ፣ የመስኮት ፍርግርግና አሸንዳ በሥዕል አሳዩ፤ ከርቀት ልዩነት የላቸውም፣ ጨዋታውን ግን ያዘገያሉ። ሞዴል የሚገነባው ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ነው፤ ለአንድ ትንሽ ቤት ከ500 እስከ 1,500 ይበቃኛል። ለተጠማዘዘው የፒያሳ ጥግ ከ8 እስከ 12 ክፋይ ስጡት፤ ከዚያ ካነሰ ጥጉ የተሰበረ ይመስላል።

የሞዴሉ መነሻ ነጥብ በቦታው መሃል፣ በመሬት ከፍታ ላይ ይዋል። በሩ በቀጥታ እግረኛ መንገድ ላይ የሚከፈት ሱቅ ከሆነ፣ ግድግዳውን እስከ ቦታው ፊት ጠርዝ ወደፊት ግፉት። መሃል ላይ ከተዋችሁት ከፊቱ ጎንደር ላይ የሌለ ሣር ይወጣል።

አሁን ስለ ተዳፋት። ጎንደር ኮረብታ ላይ ናት፤ የምትሠሩት ካርታም ኮረብታማ ይሆናል። ጨዋታው በሕንፃው ሥር ያለውን መሬት ሊያስተካክል ይሞክራል፤ በቁልቁለት ግን አንዱ ጎን አየር ላይ ይቀራል። መፍትሔው ግድግዳውን ከመሬት በታች ማስረዘም ነው። መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ቢወርድ፣ በ24 ሜትር ሕንፃ ላይ ልዩነቱ 2.4 ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ 3 ሜትር መሠረት አውርዱ። ይህን የመሠረት ክፍል በድንጋይ ሥዕል አልብሱት። በቁልቁለት ላይ የተሠሩ የጎንደር ቤቶች መሠረታቸው በድንጋይ ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ መሬቱ ሲወርድ የሚገለጠው ነገር እውነተኛ ይመስላል።

6. ሥዕሉን አልብሱ

ፎቶውን በጊምፕ አቃኑ፣ ጥላና ኤሌክትሪክ ሽቦ አጥፉ። የሥዕሉ መጠን 512፣ 1,024 ወይም 2,048 ፒክስል ይሁን። 24 ሜትር ፊት በ1,024 ፒክስል ላይ ከተዘረጋ ለአንድ ሜትር ወደ 43 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ለግድግዳ ይበቃል።

ለጽሑፍ ግን አይበቃም። 20 ሳንቲሜትር የሆነ ፊደል 9 ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ «ሀ» እና «ሆ» አይለዩም። ስለዚህ ለሱቅ ሰሌዳዎች ከሥዕሉ ላይ ለብቻ ሰፊ ቦታ ስጡና በፎቶው ፈንታ በግዕዝ ፊደል አዲስ ጻፉት፦ «ፀጉር ቤት»፣ «ሻይ ቡና»፣ «ጠጅ ቤት»። ፎቶው ላይ ያሉ የሰው ፊቶችን፣ የስልክ ቁጥሮችንና የእውነተኛ ድርጅት ስሞችን አጥፉ፤ ሰዎቹ በጨዋታ ውስጥ ለመውጣት አልተስማሙም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቦታ ለመቆጠብ የሕንፃውን ግማሽ ሥዕል ገልብጣችሁ በሌላው ግማሽ ላይ ስትደግሙት ሰሌዳው አይካተት። የተገለበጠ «ሻይ ቡና» ማንኛውም አማርኛ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያየው ስህተት ነው።

ቀለምን ከራሳችሁ ፎቶ ውሰዱ። የድንጋዩ ቡናማና ግራጫ፣ የፒያሳ ልስን ቢጫ፣ የዛገ ቆርቆሮ ጥቁር ቀይ በቃል ሲሠሩ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይደምቃሉ። አዲስ ቆርቆሮንም ንጹሕ ነጭ አታድርጉት፤ በጨዋታው ፀሐይ ዐይን ይወጋል።

7. የሌሊቱን ብርሃንና የርቀት ሞዴሉን አዘጋጁ

ለሌሊት የሚሆነው ሥዕል መስኮቶቹ ብቻ የበሩበት፣ ሌላው ጥቁር የሆነ ነው። ሁሉንም መስኮት አታብሩ። በድርድር ሱቅ ላይ የተከፈቱትን ሁለት ሦስት በሮች ብቻ ማብራት በቂ ነው።

የርቀት ሞዴል ማለት ካሜራው ሲርቅ የሚታየው ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ሣጥንና ጣሪያ፣ ከዚያ ትንሽ ሥዕል። ካልሠራችሁት ጨዋታው በራሱ ይሠራዋል፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ የተጨማደደ ነው፣ ከላይ ሆኖ የሚታየውም ሰፈር በሙሉ ይጨማደዳል። ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ስለሆነ አትዝለሉት።

8. ወደ ጨዋታው አስገቡ

ከመላካችሁ በፊት ብሌንደር ላይ ሞዴሉን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤ ተጫኑ፤ መጠኑንና ዙሩን አጽኑ። ይህን የረሳ ሰው ሕንፃው በጨዋታው መቶ ጊዜ ትልቅ ወይም ትንሽ ሆኖ ይመጣበታል።

ሞዴሉን በኤፍቢኤክስ፣ ሥዕሎቹን በፒኤንጂ አውጡ። ስማቸው በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሁን። የሥዕሉ ስም የሞዴሉ ስም ሆኖ በመጨረሻው የታች ሰረዝና አንድ ፊደል ይከተለዋል፦ ለዋናው ቀለም «ዲ»፣ ለሌሊቱ ብርሃን «አይ»፣ ብርሃን ለሚያሳልፉ ቦታዎች «ኤ»። ለርቀት ሞዴሉ የታች ሰረዝና «ኤልኦዲ» ይጨመራል። ጨዋታው ፋይሎቹን የሚያገናኘው በስማቸው ብቻ ስለሆነ አንድ ፊደል ቢሳሳት ሕንፃው ሥዕል ሳይኖረው ይመጣል። ሁሉንም በጨዋታው የተጠቃሚ ማህደር ውስጥ ባለው «አድኦንስ» ሥር፣ «ኢምፖርት» የሚባለው ውስጥ አስቀምጡ።

በአሴት ኤዲተር፣ ማለትም አዲስ ሕንፃ በሚገባበት የጨዋታው ክፍል፣ መነሻ ሕንፃ ስትመርጡ የቦታ ስፋቱ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል ይሁን። አዲሱ ሕንፃ ጠባዩን የሚወርሰው ከመነሻው ነው፤ አራቱን የቀለም አማራጮችም ጭምር። አራቱንም ነጭ አድርጓቸው። አለዚያ የደከማችሁበት የፒያሳ ቢጫ በመነሻው ቀለም ተነክሮ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

የውሃ ሮቶ፣ ዲሽና በጣሪያ ላይ የወጣ ፌሮ በመጨረሻ ይጨመሩ። ጥቂት ይበቃል።

9. በቦታው አቁሙት

በጨዋታው ተፈጥሯዊ አሠራር የትኛው ሕንፃ የት እንደሚወጣ አትመርጡም። እውነተኛ ሰፈር ለመድገም ፕሎፐብል ሪኮ የተባለውን ተጨማሪ ጫኑ፤ ሕንፃውን በእጃችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ሰዎችም ይኖሩበታል። ሙቭ ኢት ደግሞ ሕንፃውን በሴንቲሜትር ደረጃ ለማስጠጋት ነው፤ በ4ኛው ደረጃ የቀረው ግማሽ ሜትር የሚዘጋው በእሱ ነው።

ሕንፃችሁን በራሱ እንዲያድግ አድርጋችሁ ከሠራችሁት አንድ ነገር ልብ በሉ። መኖሪያ ቤት አምስት ደረጃ፣ ንግድ ቤት ሦስት ደረጃ አለው። ሰፈሩ ሲሻሻል ደረጃ 1 ያለው የጭቃ ቤት ፈርሶ በሌላ ይተካል። ሕንፃውን ተጭናችሁ «ታሪካዊ» የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁበት መልኩ ሳይቀየር ይቆያል።

ከዚያ ካሜራውን ወደ እግረኛ ከፍታ አውርዱና ሥዕሉን ለሰፈሩ ሰው አሳዩ፤ ቦታውን ሳትነግሩ። የት እንደሆነ በራሱ ከተናገረ ወደ ሚቀጥለው ጎን እለፉ። ከጠየቃችሁ «ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?» በሉትና ደብተራችሁን አውጡ። ብዙ ጊዜ መልሱ ቁመት ወይም ጣሪያ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ሕንፃው ጀርባውን ለመንገድ ይሰጣል። በማስገቢያው መስኮት ላይ 180 ዲግሪ አዙሩት።
- ግድግዳው ከአንድ ወገን ሲታይ ይጠፋል። ፊቱ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ብሌንደር ላይ ወደ ውጭ መልሱት።
- ሁሉም ቤት አዲስ ነው። ከግድግዳው ሥር ዝናብ የረጨውን ጭቃ፣ ከአሸንዳው በታች የወረደውን የውሃ መስመር ከፎቶው ላይ አታጽዱ።
- በሩ 3 ሜትር ነው። የተለመደ በር ወደ 2.10 ሜትር ነው፤ አጠገቡ ሰው አቁማችሁ እዩት።
- አንድ ቤት ዐሥር ጊዜ ተደግሟል። ተመሳሳይ ቤት ሲያስፈልግ የበሩን ቀለም፣ የቆርቆሮውን ዝገትና ሰሌዳውን ለውጣችሁ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አድርጉት፤ ሥዕሉ አንድ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።
- መንገዱ ተረስቷል። ከቤቱ በፊት ኮብልስቶን ከሆነ አስፋልት አታንጥፉበት፤ የእግረኛ መንገዱንም ስፋት ከደብተራችሁ አውጡት።